በራስ ጫማ የሚለካ አቋቋም፦ ለጀማሪ የቴኳንዶ ሠልጣኞች መለኪያ የማዘጋጀት ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፤ መነሻው

ይህ ማስታወሻ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ለሚሠለጥኑ ጀማሪ የቴኳንዶ ሠልጣኞች የመሠረታዊ አቋቋሞች መለኪያ የማዘጋጀቱን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚመዘግብ ነው። አብዛኞቹ ሠልጣኞች ከነጭ እስከ አረንጓዴ ቀበቶ ያሉ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ሕፃናትም ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶችም አሉ። ርግጫቸው በጥሩ ፍጥነት እያደገ ነው፤ አቋቋማቸው ግን አብሮ አላደገም። እግሩን ከራሱ ቁመት በላይ ሰንዝሮ የሚመታ ልጅ፣ አፕ ጉቢ በሚባለው፣ የፊተኛው ጉልበት በሚታጠፍበት ረጅም አቋቋም ላይ ቆሞ ትከሻውን በመዳፍ ገፋ ሲያደርጉት ወደ ጎን ይንገዳገዳል። ቡጢም ሆነ በክንድ የሚደረግ መከላከያ ጉልበቱን የሚያገኘው ወለሉን ከሚገፋው እግር ስለሆነ፣ ከታች የላላውን ነገር ከላይ ያለ ፍጥነት ያካክሰዋል ብዬ አላምንም።

የምንከተለው ሴኡል ውስጥ በጋንግናም የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል፣ የኩኪዎን፣ ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት አቋቋሞች የሚለኩት በሠልጣኙ በራሱ ጫማ ነው፤ ጫማ ስል ባዶ እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ማለቴ ነው። በናራንሂ ሶጊ ሁለቱ እግሮች ትይዩ ሆነው በውስጠኛ ጠርዞቻቸው መካከል አንድ ጫማ ይተዋል፤ በጁቹም ሶጊ፣ ማለትም በፈረሰኛው አቋቋም፣ ሁለት ጫማ ይሆናል። አፕ ሶጊ ሰው በመንገድ ሲራመድ በመሐል ቆም ቢል የሚኖረው አንድ እርምጃ ሲሆን ሦስት ጫማ ያህል ነው። አፕ ጉቢ አንድ እርምጃ ተኩል ነው፤ በጫማ ሲሰላ ከአራት እስከ አራት ተኩል ይደርሳል። ድዊት ጉቢ፣ ማለትም ክብደት ወደ ኋላው እግር የሚያደላበት አቋቋም፣ እንደገና ወደ አንድ እርምጃ ይመለሳል፤ ሁለቱ እግሮች ግን በቀጤ ማዕዘን፣ በ90 ዲግሪ፣ ይቀመጣሉ። በርዝመት የሚነገሩትን አቋቋሞች ከኋለኛው ተረከዝ እስከ ፊተኛው ጣት ጫፍ ለመለካት ወስኛለሁ፤ ሁሉም ሠልጣኝ በአንድ መንገድ እንዲለካ ነው።

ማክሰኞ ማታ፤ የጫማ ልኬት

ከልምምዱ በፊት ሠልጣኞቹን አንድ በአንድ ባዶ እግራቸውን ወረቀት ላይ አቁሜ፣ ተረከዛቸውን ግድግዳ አስደግፌ፣ የአውራ ጣታቸውን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ትንሹ ጫማ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 27 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ልዩነቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ወደ አቋቋም ሲለወጥ ግን ይገዝፋል። ለትንሹ ልጅ ጁቹም ሶጊ 42 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለትልቁ 54 ነው። አፕ ጉቢ ለትንሹ ከ84 እስከ 94.5፣ ለትልቁ ከ108 እስከ 121.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚህ በፊት በብዙ ስልጠናዎች የተለመደው አሠራር አሠልጣኙ ከፊት ቆሞ ሲያሳይ ሁሉም በዓይኑ እየገመተ እንዲከተለው ነው። ትንሹ ልጅ የአሠልጣኙን እርምጃ ለማክል ሲንጠራራ ዳሌው ይከፈታል፣ የኋላ ተረከዙ ከወለሉ ይነሣል፤ ረጅሙ ወጣት ደግሞ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ለመስተካከል ሲል እግሩን ይሰበስባል። ሁለቱም በቅን ልቡና እየተከተሉ ሁለቱም ከልካቸው ይወጣሉ።

ሐሙስ፤ ወለል ላይ ወይስ ሸራ ላይ?

የመጀመሪያው አሳብ በሲሚንቶው ወለል ላይ በቀለም መስመር ማስመር ነበር። አዳራሹ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾችና የሰፈር ስብሰባዎችም ስለሚጠቀሙበት ቋሚ መስመር ማስመር አይፈቀድም። በወረቀት ፕላስተር ለሙከራ ለጠፍነው፤ እግር ሲዞርበት ጠርዙ እየተነሣ በልምምዱ ማብቂያ ላይ ተጠቅልሎ ተነሣ። ሸራ ላይ ማስመርም ተሞከረ፤ ሸራው በሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል፣ ለአቋቋም ልምምድ ደግሞ የሚንሸራተት ወለል አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ የከበደው ችግር ግን የዕቃው ዓይነት አልነበረም። በወለል ላይ የተሠመረ መስመር ለአንድ ጫማ ልክ ነው፤ ለሌላው አይሆንም። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ብለን በሦስት ቀለም ብናሠምር እንኳ 24 ሴንቲ ሜትር ጫማ ያለው ልጅ ወደ ትንሹ ነው ወይስ ወደ መካከለኛው የሚሄደው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ መለኪያው ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ሠልጣኙ እጅ እንዲገባ ወሰንሁ፦ እያንዳንዱ በራሱ ጫማ የተመተረ አንድ ጥብጣብ ይኖረዋል።

ቅዳሜ፤ ጥብጣቡን ማዘጋጀት

መርካቶ ሁለት ዓይነት ነገር ገዛሁ፤ ቀጭን ሲባጎና ጠፍጣፋ ነጭ የጥጥ ጥብጣብ። ሲባጎው ረክሶ ቢገኝም ለዚህ ሥራ አልሆነም። በየጫማው ላይ ቋጠሮ ሲደረግበት ቋጠሮው ራሱ ርዝመት ይበላል፤ አራተኛው ቋጠሮ ላይ ሲደረስ ልኩ ከሚፈለገው ያጥራል። ደግሞም ይለጠጣል፤ ልጆቹ ሲወጥሩት አንድ ነገር ሳይወጥሩት ሌላ ነገር ይለካል። ጥብጣቡ ግን አይለጠጥም፣ ወለል ላይ ሳይንከባለል ተዘርግቶ ይተኛል፣ በማርከርም ይጻፍበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጥብጣቡ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ለመያዣ ይተውና ዜሮው ይሠመራል። ከዚያ በወረቀቱ ላይ ያለው የሠልጣኙ ጫማ ልክ እየተደራረበ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስትና በአራት ጫማ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይደረጋል። ከአራት እስከ አራት ተኩል ያለው ክፍል በሙሉ በቀይ ይቀባል፤ አፕ ጉቢ አንድ ነጥብ ሳይሆን ክልል ነውና። የልጁ ስም በመያዣው ላይ ይጻፋል። መስመሮቹ ታጥበው እንዳይጠፉ ማታ ማታ እኅቴ በክር ትሰፋቸዋለች፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ለአንድ ጥብጣብ መደረጉ ልጆቹ ነገሩን በቁም ነገር እንዲይዙት አድርጓል።

አንዳንድ ሠልጣኞች ምልክቱ በቀበቷችን ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢደረግ ምን አለበት ብለው ጠይቀዋል። ቀበቶ ወለል ላይ ተዘርግቶ የሚረገጥ ነገር ባለመሆኑ አልፈቀድሁም።

ለማዕዘኑ ደግሞ በተማሪዎች የጂኦሜትሪ መሣሪያ ውስጥ ከሚገኘው ባለ 30 እና ባለ 60 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ልኩን ወስጄ ከወፍራም ካርቶን ብዙ ቅጂ ቆረጥሁ። በአፕ ሶጊም ሆነ በአፕ ጉቢ የኋላው እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ ነው። ካርቶኑ ከእግሩ ጎን ሲቀመጥ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው፦ አብዛኞቹ ጀማሪዎች የኋላ እግራቸውን 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይከፍታሉ። ምክንያቱ ግድየለሽነት አይደለም። ባታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ገና ስላልተፍታታ፣ ተረከዛቸው ወለሉን ሳይለቅ እግራቸው ወደ ፊት ሊያይ አይችልም፤ ሰውነታቸው መንገድ ሲያጣ እግሩን ወደ ጎን ያዞረዋል። እንዲህ ላሉት አቋቋሙን ወደ አራት ጫማ ማሳጠር እግሩን ከመክፈት ይሻላል። ርዝመቱ በወራት ውስጥ ይመጣል፤ ተከፍቶ የለመደ ዳሌ ግን ለመዝጋት ብዙ ያስቸግራል።

ማክሰኞ ማታ፤ ጉልበትና ቱምቢ

ጥብጣቡ የእግሮቹን ርቀት ያስተካክላል፤ የፊተኛው ጉልበት ምን ያህል ይታጠፍ የሚለውን ግን አይመልስም። የኩኪዎን መመሪያ ለአፕ ጉቢ የሚሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፤ ሠልጣኙ አካሉን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ሲመለከት ጉልበቱና የእግሩ ጣት ጫፍ አንድ ላይ ሊታዩት ይገባል። ይህን ሁላችንም ለዓመታት «ጉልበት በጣት ላይ» እያልን ስናስተምር ኖረናል።

ዛሬ ከአንድ ግንበኛ ቱምቢ፣ ማለትም ቀጥታ ቁልቁል መስመር የሚያሳይ በክር የተንጠለጠለ ብረት፣ ተውሼ መጣሁ። አንድ ወጣት ሠልጣኝ በጥብጣቡ ልክ አፕ ጉቢ ቆመ፤ ወደ ታች ተመለከተና ጉልበቱ የጣቱን ጫፍ እስኪሸፍንለት ድረስ ዝቅ አለ። በዚያው እንዳለ የቱምቢውን ክር ከጉልበቱ ፊት አስነክቼ ወደ ታች ለቀቅሁት። ብረቱ መወዛወዙን ትቶ ሲረጋ ያረፈው በጣቱ ጫፍ ላይ አልነበረም፤ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ጠጋ ብሎ በእግሩ ጀርባ ላይ ነበር። ሌሎችንም ደጋግመን ለካን፤ የቦታው መጠነኛ ልዩነት እንዳለ ሆኖ ሁሉም ከጣት ይልቅ ወደ ቁርጭምጭሚት ያደላ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። የሰውየው ዓይን ከጉልበቱ በላይ ብቻ ሳይሆን ከጉልበቱ በስተኋላም ነው። ከዓይን ተነሥቶ ጉልበትን ነክቶ የሚያልፍ መስመር ወደ ፊት እያዘመመ ስለሚወርድ ወለሉን የሚነካው ከጉልበቱ ቀጥታ በታች ሳይሆን ከዚያ በፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ጉልበትና ጣት በዓይን አንድ ላይ ሲታዩ ቅልጥሙ ወደ መቆም የቀረበ ይሆናል። መመሪያው አካልን ቀጥ ማድረግን በቅድሚያ የጠየቀውም ያለ ነገር አይደለም፤ ሰውየው ጎንበስ ካለ ዓይኑ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የዓይኑ መስመርም ይለወጣል፣ መለኪያውም አብሮ ይበላሻል።

ይህ ልዩነት በልምምድ ላይ የሚያስከትለው ነገር ትልቅ ነው። «ጉልበት በጣት ላይ» የሚለውን ቃል በቃል ይዞ ጉልበቱን በቱምቢው ልክ እስከ ጣቱ ጫፍ የሚገፋ ልጅ ክብደቱን ከመጠን በላይ ፊት ላይ ይጭናል፤ የጉልበቱ የፊት ክፍል ይጨነቃል፣ የኋላ ተረከዙ ይነሣል፣ ከዚያ አቋቋም ተነሥቶ ወደ ሌላ ለመሄድም መጀመሪያ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል። ከዛሬ ጀምሮ በአዳራሹ የምንጠቀመው አነጋገር «ቀጥ ብለህ ተመልከት፤ ጉልበትህ ጣትህን ሲሸፍንልህ ቁም» የሚል ነው።

ሐሙስ፤ ከሌላው ቤት የመጡት

ከሠልጣኞቻችን መካከል ጥቂቶቹ ቀደም ሲል ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ የሠለጠኑ ናቸው። በአገራችን ሁለቱም ዓይነት ቴኳንዶ የሚሠለጠን በመሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሠልጣኝ ማግኘት የተለመደ ነው። ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1966 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የተመሠረተ ሲሆን፣ አቋቋምን የሚለካው በጫማ ሳይሆን በትከሻ ስፋት ነው። ጉኑን ሶጊ የሚሉት የመራመጃ አቋቋም ርዝመቱ አንድ ተኩል ትከሻ፣ የጎን ስፋቱ አንድ ትከሻ ነው፤ ክብደቱም ለሁለቱም እግሮች እኩል ይከፈላል። እንደ ጁቹም ሶጊ ያለው አኑን ሶጊ ስፋቱ አንድ ተኩል ትከሻ ሲሆን፣ ኒውንጃ ሶጊ ደግሞ እንደ ድዊት ጉቢ ሁሉ ክብደቱን 70 በመቶ ለኋላው እግር ይሰጣል።

እነዚህ ሠልጣኞች ጥብጣቡን ሲይዙ ከሁሉ የከበዳቸው የአፕ ጉቢ የጎን ስፋት ነው። በጉኑን ሶጊ በሁለቱ እግሮች መካከል አንድ ትከሻ የለመደ ሰው፣ በአፕ ጉቢ በውስጠኛ ጠርዞቹ መካከል የሚተወው አንድ ቡጢ ብቻ ነው ሲባል በገመድ ላይ እንዲሄድ የታዘዘ ይመስለዋል። የቡጢውን ልክ ከመናገር ማስነካት ይሻላል፤ ሠልጣኙ ዝቅ ብሎ የራሱን ቡጢ ከፊተኛው እግር መስመር አጠገብ ወለሉ ላይ ያስቀምጣል፣ የኋላውንም እግር ከቡጢው ማዶ ያደርጋል። ቡጢውን ጨርሶ የሚረሱት ደግሞ ሁለቱን እግሮች በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ወገባቸውን አዙረው ቡጢ ሲሰነዝሩ የሚንገዳገዱት በዚህ ምክንያት ነው።

በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ለጉኑን ሶጊ የሚሰጠው የጉልበት መለኪያ፣ የጉልበቱ ሎሚ ከተረከዙ ጋር ቀጥታ ቁልቁል መስመር እንዲሠራ ነው። አንዱ ጣት ይላል፣ ሌላው ተረከዝ ይላል፤ በቃል ሲሰሙ የማይታረቁ ይመስላሉ። በማክሰኞው የቱምቢ ልኬት ሲታዩ ግን ሁለቱም ቅልጥሙን ወደ ማቆም ይወስዳሉ፤ አንዱ በዓይን መስመር፣ ሌላው በቁልቁል መስመር የተነገረ ነው። ይህን ለነዚያ ልጆች ማሳየት መቻሌ እጅግ አስደስቶኛል፤ ከዚህ ቀደም የተማሩት ነገር ከንቱ እንዳልሆነ በገዛ ጉልበታቸው አዩት።

ቅዳሜ፤ ሁለት ሚዛን

ድዊት ጉቢን ለመለካት ጥብጣብም ካርቶንም አይበቃም፤ ዋናው ነገር ክብደት ነውና። ሁለት አንድ ዓይነት የሰውነት ሚዛኖች ተፈልገው መጡ፤ አንዱ ከኋላው እግር ሥር፣ ሌላው ከፊተኛው እግር ሥር ተቀመጠ። 48 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሠልጣኝ በትክክል ከቆመች ኋላው ወደ 33.6፣ ፊተኛው ወደ 14.4 ኪሎ ግራም ሊያሳይ ይገባል። መጀመሪያ ስትቆም ሁለቱም ሚዛኖች የሚያሳዩት ተቀራራቢ ነበር። ስህተቱን ስትሰማ ወዲያው ደረቷን ወደ ኋላ ወረወረችው፤ ቁጥሩም ተስተካከለ።

ነገር ግን ቁጥሩ ቢስተካከልም አቋቋሙ አልተስተካከለም። በድዊት ጉቢ ክብደቱ ወደ ኋላ የሚሄደው ደረት ስለዘመመ ሳይሆን ዳሌ በኋላው ተረከዝ ላይ ስለተቀመጠና የኋላው ጉልበት ወደዚያው እግር ጣቶች አቅጣጫ ስለታጠፈ ነው። ጀማሪዎች ይህን ጉልበት ወደ ውስጥ ይጥሉታል፤ እግሩ ወደ ጎን እያየ ጉልበቱ ወደ ፊት ሲያይ ጅማቱ ይጣመማል። ስለዚህ ሚዛኑን ከቱምቢው ጋር አጣመርነው፤ አንድ ሠልጣኝ ክሩን ከጓደኛው ጆሮ አጠገብ ያንጠለጥላል፣ ትከሻና ዳሌ በክሩ መስመር ላይ መሆናቸው ይታያል፣ ቁጥሩ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ ስትቆም ሠልጣኟ 70 በመቶውን ለማግኘት ከገመተችው በላይ ዝቅ ማለት ነበረባት፤ ጭኗም ብዙ ሳይቆይ ተንቀጠቀጠ። ትክክለኛ ድዊት ጉቢ አድካሚ ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም።

በቦም ሶጊ፣ ማለትም በነብር አቋቋም፣ ክብደቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ በኋላው እግር ላይ ሆኖ ፊተኛው እግር ተረከዙን አንሥቶ በጣቶቹ ሥር ባለው የመርገጫ ክፍል ወለሉን ይነካል። የፊተኛው ሚዛን ከጥቂት ኪሎ በላይ ካሳየ ሠልጣኙ ገና አልተቀመጠም። በአፕ ጉቢ ደግሞ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ፊት ላይ ነው፤ ለዚችው ሠልጣኝ 32 እና 16 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ጉልበቷን በዓይኗ መስመር አስተካክላ ስትቆም ሚዛኑ ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ማክሰኞ ማታ፤ በቴጉክ ኢል ጃንግ ላይ መፈተን

ቆሞ የተለካ አቋቋም በእንቅስቃሴ ውስጥ ካልጸና ብዙም አይረባም። ስለዚህ ጥብጣቡን አስቀምጠን የመጀመሪያውን ፑምሴ (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴዎች ልምምድ)፣ ቴጉክ ኢል ጃንግን፣ መፈተኛ አደረግነው። 18 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሲሆን የተሠራው በሁለት አቋቋሞች ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የሚኬደው በአፕ ሶጊ፣ ወደ ፊት የሚኬደውና ወደ ኋላ የሚመለሰው በአፕ ጉቢ ነው። ፑምሴው በተጀመረበት ቦታ ማለቅ ስላለበት፣ ሠልጣኙ ሲጀምር የጣቶቹን ጫፍ በጠመኔ አሠመርን፤ ሲጨርስም ከመስመሩ የራቀበትን ለካን።

ከፊት ያለፈ ሠልጣኝ፣ ሲመለስ አፕ ጉቢውን አሳጥሮ ነበር ማለት ነው፤ ከመስመሩ በስተኋላ ያረፈም በተቃራኒው። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተዛነፈ ደግሞ አንዱ አፕ ሶጊው ከሌላው ረዝሟል። ከሁሉ በላይ የታየው ግን የመጨረሻው ቡጢ ነው። ኪሃፕ፣ ማለትም የጉልበት ጩኸት፣ የሚሰማበት በመሆኑ ሁሉም በስሜት እግሩን ወደ ፊት ይወረውራል፤ አቋቋሙም አምስት ጫማ ይጠጋል።

በውድድር ይህ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሴኡል ላይ የመጀመሪያው የዓለም ፑምሴ ሻምፒዮና ከተካሄደ ወዲህ ውድድሩ በመደበኛነት የሚካሄድ ሲሆን፣ ከ10 ነጥብ 4ቱ ለትክክለኛነት የሚሰጥ ነው። ለትንሽ ስህተት 0.1፣ ለከባድ ስህተት 0.3 ይቀነሳል። የተከፈተ የኋላ እግርና ያጠረ እርምጃ በአንድ ፑምሴ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ነጥቡን እየሸረሸረ ይወስደዋል። ፍልሚያ ብቻ የሚፈልጉ ሠልጣኞች እነዚህን ቁጥሮች ሲሰሙ ትኩረታቸው ጨመረ፤ ለእኔ ግን ከነጥቡ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጉልበታቸው ጤንነት ነው።

ሐሙስ፤ የሚቀጥለው ሥራ

ከሕፃናቱ አንዱ ጥብጣቡን ተቀብሎ ካየ በኋላ «ሳቦም (አሠልጣኝ)፣ እግሬ ሲያድግስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጫማ ባደገ ቁጥር ጥብጣቡ ይቀየራል። የወረቀቱን ልክ በየቀበቶ ፈተናው ዋዜማ እንደገና ለመውሰድና የጥብጣቡን ጥቅል ለዚሁ በአዳራሹ ቁም ሣጥን ለማስቀመጥ ተስማምተናል።

ቀጥሎ የሚሠራው ለቢጫና ለአረንጓዴ ቀበቶዎች ነው። ድዊት ጉቢ በሦስተኛው ፑምሴ፣ በቴጉክ ሳም ጃንግ፣ ይገባል፤ እግርን ከሌላው እግር በስተኋላ አጣምሮ የሚቆሙበት ኮአ ሶጊ በአምስተኛው በኦ ጃንግ፣ ቦም ሶጊና ጁቹም ሶጊ በሰባተኛው በቺል ጃንግ ይመጣሉ። ለኮአ ሶጊ ጥብጣቡ አያገለግልም፤ ሁለቱ እግሮች ተቀራርበው ስለሚቆሙ የሚለካው ርቀት ሳይሆን የሁለቱ ጉልበቶች መታጠፍና የኋላው ተረከዝ መነሣት ነው። ሚዛኖቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለዚህ ይቀርባሉ፤ ቱምቢው ግን ወደ ባለቤቱ ስለሚመለስ፣ ከመመለሱ በፊት በጁቹም ሶጊ ጉልበቶች ላይ ያልተጠናቀቀውን ልኬት ነገ ማታ እንጨርሳለን።